አትኩረን ስናይ ዓይናችን ለምን ይደበዝዛል?



ሸሚዝ ስትተኩሱ፣ ምስር ስትለቅሙ፣ ወይም የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ከአገር ቤት የመጣ መልእክት በስልክ ስታነቡ ቆይታችሁ ድንገት ዓይናችሁ ብዥ ብሎባችሁ ያውቃል? በዚህ የተነሣ «ዓይኔ ሊጠፋ ነው» ብለው እንቅልፍ የሚያጡ እህቶች አሉ። ሌሎች ደግሞ እውነተኛ ሕመም ይዟቸው ሳለ «ድካም ነው» እያሉ ያሳልፉታል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የትኛው የዓይን ተፈጥሮ፣ የትኛው ድካም፣ የትኛውስ ሐኪም የሚያስፈልገው እንደሆነ ለይተን እንመለከታለን።

1. ዓይን ለውጥ ይፈልጋል

በመጀመሪያ አንድ ቀላል ሙከራ እናድርግ። በነጭ ወረቀት መካከል ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ከነጥቡ አራት ጣት ያህል ርቃችሁ በእርሳስ ፈዘዝ ያለ ጥላ ቀቡ፤ ጠርዙ እንዳይለይም በጣታችሁ አሹት። ወረቀቱን በአንድ ክንድ ርቀት ይዛችሁ ነጥቡን ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትኩር ብላችሁ ተመልከቱ። ጥቂት ቆይቶ ጥላው እየሣሣ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ ይጠፋል። ዓይናችሁን ወደ ሌላ ቦታ ስታዞሩ ግን ወዲያው ይመለሳል። ወረቀቱ አልተለወጠም፤ ዓይናችሁም አልታመመም።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1804 በጽሑፍ ያስታወቀው ኢግናዝ ትሮክስለር የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሐኪም ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በዓይናችን ውስጥ ከበስተኋላ በኩል ሬቲና የሚባል ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን አለ። ሬቲናና አንጎላችን ይበልጥ የሚነቁት አንድ ነገር ሲለወጥ ነው። የማይለወጥ ነገር ሲደርሳቸው ቀስ በቀስ ቸል ይሉታል። ቡና ሲቆላ ከውጭ የገባ ሰው ሽታው ያውደዋል፤ አጠገቡ ተቀምጣ የቆየችው ግን ያን ያህል አይሰማትም። የኤሲውን ድምፅም ሌሊቱን ሙሉ ሳናስተውለው ቆይተን፣ ድንገት ሲቆም ልብ እንለዋለን። ዓይንም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ የምናየው ሁሉ ለምን ሁልጊዜ አይጠፋብንም? ዓይናችን ቆሟል ስንል እንኳ ስለማይቆም ነው። እኛ ሳይታወቀን በጣም ጥቃቅን እንቅስቃሴዎችን እያደረገ ምስሉን ያድስልናል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች በዓይን ላይ በሚቀመጥ ሌንስ ተጠቅመው ምስሉ ከዓይን ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ባደረጉ ጊዜ፣ ምስሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከተመልካቹ ፊት ጠፍቷል።

በደብዛዛ ብርሃን የራስን ፊት በመስታወት አትኩሮ ማየትም እንዲሁ ያደርጋል። የፊት ከፊሉ ይጠፋል፣ ይጣመማል፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ፊት ይመስላል። ጆቫኒ ካፑቶ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ በጤነኛ ሰዎች ላይ እንደሚታይ አሳትሟል። ስለዚህ ሌሊት በጠባብ ክፍል ብቻዋን ሆና እንዲህ ያየች እህት «መንፈስ ነው» ብላ አትደንግጥ። መብራቱን ታብራ፣ ዓይኗንም ወደ ሌላ ታዙር፤ ይጠፋል።

2. ሲደርቅና ሲደክም

የዓይናችን የላይኛው ገጽ በስስ እንባ የተሸፈነ ነው። እንባው ሲስተካከል ጥርት አድርገን እናያለን። ሰው በተለመደው ጊዜ በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስልክ ወይም ስፌት ላይ ሲያተኩር ግን ይህ በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የኤሲ ደረቅ አየር ሲጨመር እንባው ይተናል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ብዥ ይላል። አርገብግባችሁ ከጠራላችሁ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ድካም የጡንቻ ነው። በቅርብ ያለ ነገር ስናይ በዓይናችን ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ትኮማተራለች። ለረጅም ሰዓት ስትሠራ ቆይታ ቀና ብለን ሩቅ ብናይ ወዲያው አትፈታምና ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል። ዕድሜያቸው 40 ዓመት አካባቢ ለደረሰ እህቶች ደግሞ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ይቸግራል። ይህ የማንበቢያ መነጽር የሚያቃልለው ነገር ነው።

ምን እናድርግ?

- በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ ቢያንስ ስድስት ሜትር ወደሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። መስኮት ካለ ይበቃል።
- ዓይናችሁን ሙሉ በሙሉ እየጨፈናችሁ ደጋግማችሁ አርገብግቡ።
- የኤሲው ነፋስ በቀጥታ ፊታችሁን እንዳይመታ አድርጉ።
- በቤቱ የተገኘውን የዓይን ጠብታ ሁሉ አትጠቀሙ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የዓይን ግፊት ሊጨምርና ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

ቸል የማይባሉ ምልክቶች

ከዚህ በላይ ያየነው ሁሉ ስናርገበግብ፣ ስናርፍ ወይም ዓይናችንን ስናዞር ይሻላል። የሚከተሉት ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይፈልጋሉ።

- የአንድ ዓይን ብርሃን ድንገት መጥፋት፣ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ መውረድ
- ብልጭታና ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጥቦች
- ከባድ የዓይን ሕመምና መቅላት፣ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር
- ከብዥታው ጋር የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር፤ ይህ የአንጎል ምት ሊሆን ስለሚችል አምቡላንስ ይጠራ

ብዥታው ከብዙ ውኃ ጥማትና ከሽንት መብዛት ጋር ለቀናት ከቆየ ደግሞ የስኳር ምርመራ ያስፈልጋል።

በረኪና ወይም ሌላ የጽዳት መድኃኒት ዓይን ውስጥ ቢገባ ማንንም አትጠብቁ። አትሹት። ዓይኑን ከፍታችሁ በቧንቧ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያም ወደ ሕክምና ሂዱ።

እህቶቻችን፣ «ከታመምኩ ወደ አገሬ ይመልሱኛል» ብሎ መደበቅ እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ሊድን የሚችል ዓይን በዝምታ ሊጠፋ ይችላል፤ ያለ ዓይን ደግሞ ሥራም የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ለአሠሪያችሁ ቶሎ ንገሩ። ቋንቋ ካስቸገራችሁ «ዓይኒ ማ ትሹፍ፣ ላዚም ዶክቶር» በሉ፤ «ዓይኔ አያይም፣ ሐኪም ያስፈልገኛል» ማለት ነው። ካልሰሟችሁ ለምታምኑት ሰው ደውሉ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በወረቀቱ ላይ ያለው ጥላ ለምን ይጠፋል? ዓይናችንን ስናንቀሳቅስስ ለምን ይመለሳል?
2. ብዥታው ከእንባ መድረቅ መሆኑን በምን እናውቃለን?
3. ሳይውል ሳያድር ሐኪም የሚያስፈልጋቸውን ምልክቶች ማንበብ ለማትችል እህት በቃል አስረዱ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ በጤና ቆዩን።