ቅጣት ወይስ በደል? በላስታና በደላንታ ደጋ የታዳጊዎችን የአእምሮ ጤና በማጥናት ረገድ የሚነሣ የመለኪያ ጥያቄ

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂል በወሎ ደጋም እንደ ሌላው የአማርኛ ተናጋሪ አገር የታወቀ ነው። ብሂሉ ቅጣትን የሚመድበው ከጭካኔ ሳይሆን ከአስተዳደግ ነው። በልጆች ላይ የሚፈጸም በደል ከታዳጊዎች የአእምሮ ጤና ጋር ያለውን ዝምድና በዚህ አካባቢ ለመመርመር የሚነሣ ተመራማሪ የመጀመሪያውን ፈተና የሚያገኘው እዚሁ ላይ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ «በደል ደርሶብሃል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ «የለም» ሊል ይችላል፤ «ባለፈው ወር በዱላ ወይም በአለንጋ የመታህ ሰው አለ ወይ?» ቢባል ግን መልሱ ሊለወጥ ይችላል። ልጁ አልዋሸም። የተጠየቀበት ቃል የእርሱ ቃል አልነበረም።

ወሰኑን ሕጉም አጥርቶ አላሰመረውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ቤትን ግን በስም አይጠራም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅን ማንገላታት የሚያስቀጣ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ወላጅ ለተገቢ አስተዳደግ ሲል የሚወስደውን ሕግን የማይቃረን የቅጣት እርምጃ ከወንጀልነት ያወጣዋል። ክልከላው በግልጽ በተጻፈበት በትምህርት ቤት እንኳ ተግባሩ ርቋል። የኢትዮጵያን ልጆች ለዓመታት የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ዙሩ የስምንት ዓመት ልጆችን ሲጠይቅ፣ ከመቶ 38ቱ ባለፈው ሳምንት በመምህር እንደተቀጡ ተናግረዋል።

ይሁንና ጥናቶች በዱላ ላይ ብቻ ቢያተኩሩ ዋናው ነገር ሊያመልጣቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኖርማንና ባልደረቦቿ 124 ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ትንተና፣ ከድባቴ ጋር ያለው የዕድል ምጥጥን ለአካላዊ ጥቃት 1.54፣ ለቸልታ 2.11፣ ለስሜታዊ ጥቃት 3.06 ነበር። በሌላ አነጋገር ከድባቴ ጋር ጠንክሮ የተያያዘው ከበትሩ ይልቅ ስድቡና ማዋረዱ ነው። በደጋው ኑሮ እርግማን፣ በሰው ፊት ማሳፈርና ከወንድም ከእኅት እያነጻጸሩ ማንኳሰስ ጠባሳ ስለማይተዉ በመጠይቅ ካልተፈለጉ አይገኙም።

ቸልታን መለካት ከዚህም ይከብዳል። ዝናብ በጠፋበት፣ መሬቱም በሳሳበት ዓመት ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ከብት የሚያስጠብቅ አባት ልጁን ችላ ብሏል ማለት አይቻልም። ከውጭ የመጡ መጠይቆች «በቂ ምግብ አታገኝም ነበር ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ድህነትን ከቸልታ ጋር ይደባልቃሉ። ከዚህ ይልቅ «መሽቶ ሳትመለስ ብትቀር ወጥቶ የሚፈልግህ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለቦታው ሳይቀርብ አይቀርም፤ ድሀም ሀብታምም እኩል ይመልሱታልና።

ቀጣዩ ጉዳይ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው። በአገራችን በታዳጊዎች ላይ የሚደረጉ ብዙ ጥናቶች ናሙናቸውን የሚወስዱት ከትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ሥራው ይቀላል። ነገር ግን ከላሊበላ በስተደቡብ በደላንታ አምባ ላይ ያለችውን ወገል ጤናን እንመልከት። በአካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ የገደሉን ግድግዳ እየፈለፈሉ ድንጋዩን ፍለጋ የሚገቡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ጉድጓዱ ሲናድም ሕይወት ያልፋል። በዚያ ሥራ ላይ የዋለ ታዳጊ በክፍል ውስጥ በሚታደል መጠይቅ አይደረስበትም። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ደሴ የሄደች ልጅ፣ ከቤቱ ርቆ ቁራሽ እየለመነ የሚማር የቆሎ ተማሪም እንዲሁ። ከበደል የሸሸው ልጅ ከናሙናውም ይሸሻል፤ የሚለካው ዝምድናም ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል።

ጦርነቱ ደግሞ ሌላ ድርብርብ አምጥቷል። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በመካከሉ ለጥቂት ቀናት ብቻ ተለቅቃ በጦርነት እጅ ነበረች። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ታዳጊ ነው። ጭንቀቱ ከቤት ይምጣ ከተኩሱ በአንድ ጊዜ በሚሰበሰብ መረጃ መለየት ያዳግታል። ትውስታም የራሱ ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ባልድዊንና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ በልጅነታቸው መበደላቸው በወቅቱ ከተመዘገበ ሰዎች 52 በመቶው ቆይተው ሲጠየቁ አልተናገሩትም። ስለዚህ ልጆቹን እየተመላለሰ የሚከታተል ጥናት፣ በጥቂት ቀበሌዎች እንኳ ቢሆን፣ ከሰፊ የአንድ ጊዜ ቆጠራ ይመረጣል።

የመጨረሻው ጉዳይ ፈቃድ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጠያቂ ከራሱ ይሁንታ ሌላ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ እንዲኖረው በተለምዶ ይጠየቃል። እዚህ ግን ፈራሚው መቺው ራሱ ሊሆን ይችላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ ሌላ የታመነ አዋቂ እንዲፈርም ቢፈቅዱ፣ ቃለ መጠይቁም ከቤት ርቆ እንዲካሄድ ቢያዙ አግባብ ነው። ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገርም አለ። «አዎ» የሚል ልጅ ቢገኝ በወረዳው የሚቀበለው የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ፣ ጥያቄውን ከመጠይቁ መሰረዝ ለተመራማሪው ቀላሉ መንገድ ነው። የተሻለው ግን መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት በቅርብ ጤና ጣቢያ ያለ አንድ ባለሙያ አሠልጥኖና ስሙን በመጠይቁ ሽፋን ላይ ጽፎ መነሣት ነው፤ ወጪውም ከጥናቱ በጀት ሊያዝ ይገባል።