አርባ ወር ወይስ ሃያ?

የኮሶዬ ገበሬ የድንች ዘር በብድር ሲወስድ ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ጎንደር ገበያ ድረስ የሚወጣውን የመኪና ሒሳብ ሁሉ በልቡ ይደምራል። ውርጭ ቢመታውስ ብሎም ይቀንሳል። ይኸው ብልህ ሰው ልጁን ጎንደር ልኮ ኮምፒውተር ሊያስተምር ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «በወር ስንት ነው የሚያስከፍሉት?» ብሎ ብቻ ነው። ልጆች ሆይ፣ ያን የአባቶቻችሁን ስሌት ለትምህርታችሁም አውሉት! በደንብ ሲሰላ ልብ የሚያሞቅ ሒሳብ ነው።

በመጀመሪያ ግን አንገታችሁን ቀና አድርጉ። በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላዩ ሌላ መንገድ ፍለጋ ወጥቷል ማለት ነው። አንዱ መንገድ በሌላ አገር አሶሺየት ዲግሪ ለሚባለው የሁለት ዓመት ትምህርት እኛ ዘንድ የቅርብ ዘመድ የሆነው የቴክኒክና ሙያ ዲፕሎማ ነው፤ ሃርድዌርና ኔትዎርክ፣ ዳታቤዝ እየተባለ በሌቭል የሚሰጠው። እሱን የመረጠ ሰው ወደቀ አይባልም፤ መንገድ ጀመረ እንጂ።

አሁን ደብተር አውጡ። የኮሌጁን ክፍያ ጻፉ። ከሥሩ የቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ የትራንስፖርቱን፣ የኮምፒውተሩን አስፍሩ። ቀጥሎ ብዙዎች የሚረሱትን ጨምሩበት፦ በእነዚያ ሁለት ዓመታት እርሻ ላይ ወይም በቀን ሥራ ልታገኙት ትችሉ የነበረውን ገንዘብ። ቤተሰብ የሚጎዳው በዚህኛው ነው፤ ማንም ደረሰኝ ስለማይቆርጥለት አይታይም። ለምሳሌ ሁሉም ተደምሮ 120,000 ብር መጣ እንበል። ተመርቃችሁ፣ ያለ ዲፕሎማው ከምታገኙት በወር 3,000 ብር ብልጫ ካገኛችሁ ወጪው በ40 ወር ይመለሳል። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ።

አርባ ወር ረዘመ? ማሳጠሩ በእጃችሁ ነው! ከቤት ስንቅ እየያዛችሁ፣ ክፍል ከጓደኛ ጋር ተጋርታችሁ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ በትርፍ ሰዓታችሁ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ተቀጥራችሁ ወጪውን ወደ 90,000 አወረዳችሁት እንበል። ሙያችሁም ስለበሰለ ብልጫው በወር 4,500 ሆነ። ያው ዲፕሎማ አሁን በ20 ወር ራሱን ከፈለ። ግማሽ! ለዚህ ነው የሁለት ዓመቱ አኗኗር ከኮሌጁ ስም ይበልጣል የምለው።

የመንግሥት ደመወዝ ለመነሻ ያግዛችኋል። ከ2018 መግቢያ ጀምሮ በተደረገው ጭማሪ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 6,000 ብር፣ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል። የእናንተን ግምት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል አስቀምጡና አስሉ፤ በግል ከሠራችሁ ደግሞ ጣሪያውን የሚወስነው ጉልበታችሁና ደንበኛችሁ ነው።

ሥጋቱንም መጻፍ አለባችሁ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ሰው በዚያ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ፕሪንተር የሚጠግን፣ ኮምፒውተር ፎርማት የሚያደርግ፣ የቢሮ ኔትዎርክ ገመድ የሚዘረጋ ሰው ግን ሥራ ነበረው። ስለዚህ አንዱ ሙያችሁ ያለ ኔትዎርክ የሚያበላችሁ ይሁን። ይህን ለሚያነቡ እናቶችና አባቶችም እላለሁ፣ ሴት ልጃችሁ መፍቻ ይዛ ኮምፒውተር ስትከፍት ደስ ይበላችሁ፤ የሚከፈላት ለዚያ ነው።

ኔትዎርክ ሲኖር ደግሞ በሐምሌ 2016 ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና አለ። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ነገሮች፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መነሻ በነፃ ይሰጥበታል። ዲፕሎማውን አይተካም፤ ገንዘብ ሳትጨምሩ ገቢያችሁን የሚያሳድግ ነገር ግን ከዚህ በላይ አላውቅም።

አሜሪካ ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ ትምህርት የሚጀምሩት ኖቫ በሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ሁለቱን ዓመት በርካሽ ተምረው፣ የያዙትን ክሬዲት ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራሉ። እናንተም ከመመዝገባችሁ በፊት «ከዚህ ወደ ዲግሪ መሻገር ብፈልግ ምን ይቆጠርልኛል?» ብላችሁ ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

እንግዲህ ለምዝገባ ጎንደር ስትወርዱ ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አፋችሁን ክፈቱ። ዕውቅና ፈቃዱ ለዚህ ትምህርትና ለዚህ ካምፓስ የተሰጠ ነው? ባለፈው ዓመት ስንቱ ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ ተቀምጦ ስንቱ አለፈ? ለአንድ ኮምፒውተር ስንት ተማሪ ይደርሳል? መልስ ሲያስጨንቃቸው ካያችሁ ወደ ሌላ ኮሌጅ እለፉ። ከዚያ ፒያሳ ወጥታችሁ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ግቡና ባለቤቱን «ጋሼ፣ ነገ ሠራተኛ ቢቀጥሩ ምን የሚችል ይፈልጋሉ?» በሉት። የነገራችሁን ከኮሌጁ የትምህርት ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባውን ለመጀመር መስከረምን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም።