በስልካችን ስንነግድ የቱ ሥራ ይቅደም?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

በግቢያችን ከትምህርቱ ጎን ለጎን በስልኩ የሚነግድ ተማሪ እየበዛ ነው። አንዱ ከአሪ ደጋ የመጣ ማር፣ ሌላዋ ኮረሪማና ቡና፣ ሌላው ደግሞ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ሒጃብና ጀለቢያ በቴሌግራም ይሸጣል። ሐላል ሪዝቅ መፈለግ ነውና አልሐምዱሊላህ። ከብዙዎቻችን የሚሰማው ቅሬታ ግን አንድ ዓይነት ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍተን ውለን ማታ ሒሳብ ስንሠራ የረባ ትርፍ የለም። ዙህር በጀማዓ አምልጦናል፣ ደርሱ ቀርቷል፣ የነገው ፈተናም አልተጠናም። እንግዲህ ይህ ሁሉ ጊዜ የት ገባ?

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ ንብረታቸውን ጥለው ነበር የመጡት። የአንሷር ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ግማሽ ሀብታቸውን ሊያካፍሏቸው ሲነሱ፣ በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳዩአቸው። ሄዱ፣ አይብና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ። ታሪኩን ቡኻሪ ዘግበውታል። እኛ ዛሬ ንግድ ስንጀምር መጀመሪያ የምንጨነቀው ለቻናሉ ስም፣ ለአርማው፣ ለተከታዩ ብዛት ነው። እሳቸው ግን ቀድመው የጠየቁት ገዢው ያለበትን ቦታ ነው።

ጊዜያችን የት እንደሚገባ ለማወቅ አንድ ደብተር ይበቃል። ለአንድ ሳምንት የሠራነውን ሥራ፣ የፈጀብንን ሰዓትና ያስገኘልንን ብር ጎን ለጎን እንጻፍ። አንድ ኪሎ ማር በ400 ብር ገዝተን፣ ለማሸጊያና ለጭነት 60 ብር ከፍለን፣ በ560 ብር ሸጥን እንበል። (ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው፤ የሳምንቱን ገበያ እናንተ ታውቁታላችሁ።) ትርፉ 100 ብር ነው። ዋጋ ለጠየቁ 10 ሰዎች መልስ ለመስጠት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ 2ቱ ገዙ፤ 200 ብር ተገኘ። ለቲክቶክ ቪዲዮ ስንቀርጽና ስናቀናብር ደግሞ 4 ሰዓት ዋልን፤ በዚያ የመጣው ገዢ 1 ነው፤ 100 ብር። የመጀመሪያው ሥራ በሰዓት 400 ብር ሲያስገኝ ሁለተኛው 25 ብር አስገኘ ማለት ነው።

እርግጥ ጠያቂውም ያለማስታወቂያ አይመጣም፤ ቪዲዮ ይቅር አላልንም። ነገር ግን 10 ሰው ዋጋ ጠይቆን መልስ እየጠበቀ እኛ ለቪዲዮው የሚሆን ነሺዳ ስንመርጥ የምናመሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ዋጋ የጠየቀ ሰው ሊገዛ የቀረበ ሰው ነው። መልስ ካጣ ሌላ ሻጭ ዘንድ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ እንንቀፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ነው። ዋጋውን እየደበቅን «ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ አንድ በአንድ ስንመልስ እንውላለን። ዋጋውን፣ ኪሎውን፣ የሚላክበትን ቀንና በቴሌብር እንዴት እንደሚከፈል ጽፈን ከቻናሉ አናት ላይ ብንሰካው ከጥያቄው ብዙው ይቀራል። የቀረው ጠያቂ ደግሞ ከልቡ የሚገዛው ነው።

የማይታይ ትርፍም አለ። እኛን ይህን ያስተማረን አንድ የማር ባልዲ ነው። ፈተና ስለነበረብን ቸኩለን፣ ክዳኑን በደንብ ሳናሽግ ጫንነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ማሩ የአውቶቡሱን ጭነት ሁሉ አዳርሶ ነበር። በላይኛው ሒሳብ ብናሰላው አንድ ኪሎ ሲፈስ 460 ብር ይጠፋል፤ ያንን ለመመለስ ወደ 5 ኪሎ መሸጥ ያስፈልጋል። በባልዲው ውስጥ የነበረው ደግሞ አንድ ኪሎ ብቻ አልነበረም። ክዳን ማጥበቅና በፕላስቲክ መጠቅለል 10 ደቂቃ ነው። በደብተሩ ላይ ምንም ብር አላስገባም ተብሎ ይጻፋል፤ ከሁሉ በላይ ያተርፍ የነበረው ግን እሱ ነው።

ኮረሪማም እንዲሁ ነው። በደንብ ያልደረቀ ኮረሪማ ሲመዘን ይከብዳል፣ መንገድ ላይ ይቀላል፣ ጆንያ ውስጥ ከቆየም ይሻግታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ መታው አላቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ፎቶ ስናነሳ የምናሳየው የጆንያውን አፍ ነው ወይስ ሥሩን? ከመጫናችን በፊት ጆንያውን ገልብጦ ማየት ከቀኑ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ ይሁን። በዚህ የረካ ገዢ በርበሬ ባስፈጨ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ለእሱ ማስታወቂያ አያስፈልግም። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ለቀድሞ ገዢዎቻችን አንድ አጭር መልእክት መላክ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ አዲስ ተከታይ ከማሳደድ ይበልጣል።

አንዳንዱ ሥራ ጊዜው እኛን አይጠብቅም። የጂንካ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የቱርሚ ሰኞ፣ የዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ። ቅዳሜ ጠዋት ከአምራቹ ያልገዛነውን እሁድ ከነጋዴ በነጋዴ ዋጋ እንገዛለን። ስለዚህ ስንት ኪሎ እንደታዘዘ ዓርብ ማታ ተቆጥሮ ማደር አለበት። የጁሙዓ አዛን ሲሰማ ንግድ እንዲተው፣ ሶላቱ ካለቀ በኋላ ግን በምድር ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ በሱረቱል ጁሙዓ ታዘናል። ትዕዛዝ መሰብሰቢያችንን ከጁሙዓ በኋላ ብናደርገው ለቅዳሜው ገበያ በቂ ጊዜ ይተርፋል።

በሌሎቹ ቀናት ለእኛ የሠራልን የሱብሒ ማግሥት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው በማለዳው በረካ እንዲሆን ዱዓ አድርገዋል። ሐዲሱን ያስተላለፉት ሰኽር አል-ጋሚዲ (ረ.ዐ) ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ሸቀጣቸውን በማለዳ ይልኩ ነበርና ሀብታቸው በዛ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ከሱብሒ በኋላ፣ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ያለችው ሰዓት ለማሸግና ሌሊት ለገባው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ትበቃለች። ቀጣዩ መልስ ከዐስር በኋላ ይሁን። በመሀሉ ስልኩን ዝም እናሰኘው።

ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያው ሥራ ያለንን መቁጠር ነው። የሌላ ሰው ፎቶ ለጥፈን፣ ብር ተቀብለን፣ ከዚያ ዕቃውን ፍለጋ መውጣት በዚህ ዘመን ተለምዷል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) እጁ የሌለውን እንዳይሸጥ ነግረውታል። ገና ያልደረሰ ምርት ለመሸጥ ሸሪዓው የፈቀደው መንገድ ሰለም ነው፤ ዓይነቱ፣ ልኩና የሚረከብበት ቀን ተለይቶ ይታወቃል፣ ዋጋውም በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ በውሉ ወቅት ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። እኛ ዘንድ የተለመደው ግማሽ ቀብድ ተቀብሎ ቀሪውን ሲደርስ መቀበል ይህን መስፈርት አያሟላም። ቀለል የሚለው መንገድ ዕቃው እስኪገዛ ስም ብቻ መዝግቦ፣ ብር ሳይቀበሉ መቆየት ነው። ቅዳሜ ገዝተን፣ አይተን፣ መዝነን፣ ከዚያ ለተመዘገቡት ዋጋውን እንነግራለን። የሻረ ቢኖር ኮረሪማው ይቀመጣል እንጂ አይበላሽም። ሰለም ልትዋዋሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት ኡስታዝ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።