የዲትሮይት ቴክኖ ለምን በባሕር ማዶ ይሸጣል?

«ነቢይ በአገሩ አይከበርም» ይባላል። ለገበያ ተማሪ ግን ጉዳዩ የክብር ሳይሆን የሒሳብ ነው።

ቴክኖ የተባለውን የዳንስ ሙዚቃ በ1980ዎቹ የጀመሩት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን የሠሩት በአሜሪካዋ ዲትሮይት አካባቢ ነው። ዝናቸው የገነነውና ሥራ የበዛላቸው ግን አውሮፓ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሙዚቃውን ስም ያስተዋወቀው ስብስብ አልበም የወጣው በእንግሊዝ ነበር። የበርሊን ግንብ በ1989 ከተከፈተ በኋላም፣ በ1991 ሥራ እንደጀመረው ትሬዞር ያሉ የጭፈራ ቤቶች ደንበኞቻቸው ሆኑ።

ሒሳቡ እነሆ። ዲጄ የሚሸጠው ሌሊት ነው። ሌሊት ደግሞ በመጋዘን አይከማችም፤ ገበያ የሚደራው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በአገር ቤት የቀረበ የአንድ ሌሊት ዝግጅት እውነተኛ ወጪ በውጭ የቀረው ክፍያ ነው።

የጭፈራ ቤቱስ ከየት ይከፍላል? ከመግቢያና ከመጠጥ ሽያጭ ነው። ምዕራብ በርሊን የመዝጊያ ሰዓትን ያነሳችው በ1949 ነው። ዲትሮይት ባለችበት ሚሺጋን ግን የመጠጥ ሽያጭ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲቆም ኖሯል። የሽያጭ ሰዓት ሲያጥር ገቢ ያንሳል፤ ገቢ ሲያንስ ለዲጄው የሚተርፈው ክፍያ ይቀንሳል።

ዲትሮይት ያገኘችው ዘዴ የተበተነውን ፍላጎት ማሰባሰብ ነው። በ2000 በነፃ መግቢያ የተጀመረውና በኋላ «ሙቭመንት» የተባለው ባለ ትኬት ፌስቲቫል፣ በግንቦት ሦስት ቀን ብዙ ሕዝብ ስለሚሰበስብ ታዋቂዎቹን መክፈል ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያውን «አገሩን ረሳ» ብሎ ከመውቀስ በፊት፣ አገሩ ያቀረበለትን ዋጋ መጠየቅ ይገባል።