ሞክሼ ሆሄያትና የማስጀመሪያ ምናሌ፦ የኮምፒውተር ገበታን በአማርኛ ለማስፋት የሚያገለግል አነስተኛ መሣሪያ ንድፍ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በኮምፒውተር ገበታ ላይ መተግበሪያዎችን የሚከፍተው የማስጀመሪያ ምናሌ ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚያጎድለውን ይመረምራል፤ ጉድለቱን የምናሌውን ዋና ፕሮግራም ሳይነኩ ለመሙላት የሚያስችል አነስተኛ መሣሪያም ይነድፋል። የመከራከሪያው ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሞክሼ ሆሄያት ምክንያት የሚከሽፈው ፍለጋ በቁልፍ ቃላት ብቻ ሊቃና ይችላል። ሁለተኛ፣ ሆሄያቱን አንድ የማድረጉ ሥራ በፍለጋው መዝገብ ውስጥ ተወስኖ መቅረት አለበት፤ በስያሜው ላይ ሊደርስ አይገባም። ጽሑፉ የንድፍ ጥናት ስለሆነ በተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት አያቀርብም።

1. መነሻ

በባሕር ዳር የሚኖር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለ ጣና ገዳማት ብራናዎች ያጠናል እንበል። በኮምፒውተሩ ላይ «ናርጋ ሥላሴ»፣ «ዳጋ እስጢፋኖስ» እና «ዓባይ» የሚሉ አቃፊዎች አሉት። አቃፊዎቹን ከምናሌው በቀጥታ ለመክፈት አቋራጭ አበጅቷል። አንድ ቀን በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «አባይ» ብሎ ቢጽፍ ምናሌው ምንም አያገኝለትም። አቃፊው አለ፤ ስሙም ለዓይን ሲነበብ ያው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ዓ» እና «አ» እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ሆሄያት ናቸው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛን በኮምፒውተር መጻፍና ማንበብ በአብዛኛው መፍትሔ አግኝቷል። ዩኒኮድ ግን ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይሰጣል እንጂ የትኞቹ ሆሄያት በአማርኛ አንድ ድምፅ እንዳላቸው አይናገርም። የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደላትን ፍለጋ እንደ አንድ የሚቆጥርበት ስልት በየስርዓቱ ተሠርቶ ይገኛል፤ «ሠ» እና «ሰ»ን የሚያስማማ ተመሳሳይ ስልት ግን ከዩኒኮድ መደበኛ የማስተካከያ ሕጎች መካከል የለም። ሊኖርም አይገባም፤ ምክንያቱ በክፍል 5 ይብራራል።

2. ምናሌው እንዴት ይሠራል?

እንደ ግኖም እና ኬዲኢ ያሉ የሊኑክስ ገበታዎች የፍሪዴስክቶፕ ስምምነት የሚባለውን ይከተላሉ። በዚህ ስምምነት መሠረት በምናሌው ላይ የሚታይ እያንዳንዱ መተግበሪያ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው። ፋይሉ የመተግበሪያውን ስም፣ አጭር መግለጫ፣ የፍለጋ ቁልፍ ቃላት፣ የሚፈጸመውን ትእዛዝ እና ምልክቱን ይዘረዝራል። ከዚህም ሌላ «ተግባራት» የሚባል ክፍል ሊኖረው ይችላል። ተጠቃሚው ምልክቱን በማውዙ ቀኝ አዝራር ሲጫን የሚወጣው ንዑስ ምናሌ፣ ለምሳሌ «አዲስ መስኮት ክፈት» የሚለው፣ ከዚህ ክፍል ይመጣል። ዊንዶውስ 7 በ2009 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ዝርዝር ይዞ ወጥቷል፤ ኡቡንቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኒቲ የተባለውን ገበታ መደበኛው ሲያደርግ ንዑስ ምናሌዎችን በማስጀመሪያው ላይ አኑሯል።

ለዚህ ጥናት የሚጠቅሙ የስምምነቱ ባሕርያት ሦስት ናቸው።

ሀ) ስምና ቁልፍ ቃላት በየቋንቋው ሊጻፉ ይችላሉ። ገበታው የተጠቃሚውን የቋንቋ ምርጫ አይቶ የሚስማማውን ያነብባል፤ ካላገኘ ቋንቋ ያልተጠቀሰበትን መነሻ ጽሑፍ ይወስዳል።

ለ) በተጠቃሚው የግል አቃፊ ውስጥ ያለ ፋይል ተመሳሳይ ስም ያለውን የስርዓቱን ፋይል ይሽራል። ስለዚህ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሳያስፈልግ ምናሌውን ማስፋት ይቻላል። ተማሪው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የጋራ ኮምፒውተር የሚጠቀም ከሆነ ይህ ባሕርይ ወሳኝ ነው።

ሐ) ቁልፍ ቃላት ለፍለጋ ያገለግላሉ እንጂ በገበታው ላይ አይታዩም።

እንደ አላካርት ያሉ ነባር የምናሌ ማረሚያዎች በሁለተኛው ባሕርይ ይጠቀማሉ። ትኩረታቸው ግን ስም መቀየር፣ መደበቅና ማደራጀት ነው፤ የፊደል ገበታችንን ጠባይ አያውቁም።

3. ችግሩ በቁጥር

አንድ የአማርኛ ቃል ድምፁን ሳይለውጥ በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል? መልሱ በውስጡ ባሉት ሞክሼ ሆሄያት ብዜት ይገኛል።

• ባሕር ዳር፦ ሕ፣ ህ ወይም ኅ፤ 3 አጻጻፍ።
• ዓባይ፦ ዓ፣ አ፣ ዐ ወይም ኣ፤ 4 አጻጻፍ።
• ሥዕል፦ 2 በ2፤ 4 አጻጻፍ።
• ጽሑፍ፦ 2 በ3፤ 6 አጻጻፍ።
• ሒሳብ፦ 3 በ2፤ 6 አጻጻፍ።
• ፀሐይ፦ 2 በ6፤ 12 አጻጻፍ። በዚህ ቃል ሁለተኛው ሆሄ ግዕዝም ራብዕም ሆኖ ስለሚጻፍ ከሦስቱ «ሀ»ዎች ስድስት ምርጫ ይወጣል።

ሁሉም አጻጻፍ እኩል የተለመደ አይደለም። ሆኖም በላቲን ቁልፎች ድምፅን ተከትሎ በሚጻፍበት ስልት «ሐ»ን፣ «ኀ»ን ወይም «ሠ»ን ለማውጣት ተጨማሪ ቁልፍ መጫን ስለሚያስፈልግ፣ የሚፈልግ ሰው ወደ ቀላሉ ሆሄ ያዘነብላል። መተግበሪያውን የተረጐመው ሰው ግን ሥርወ ቃሉን ተከትሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። «ጽሑፍ» ተብሎ የተሰየመውን «ፅሁፍ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከሦስቱ ሆሄያት የሚገጥምለት «ፍ» ብቻ ነው።

የቅደም ተከተል ችግርም አለ። ምናሌው በፊደል ተራ ሲደረደር «ሠ» ከ«ረ» በፊት፣ «ሰ» ደግሞ ከ«ረ» በኋላ ይመጣል። ስለዚህ «ሥዕል መመልከቻ» እና «ስዕል ማረሚያ» የሚሉ ሁለት መተግበሪያዎች ቢኖሩ «ረቂቅ መያዣ» በመካከላቸው ገብቶ ይለያያቸዋል።

በተጨማሪም የአማርኛ መነሻ ምዕላዶች አሉ። «የሒሳብ ማስያ» የሚል ስም በ«የ» ይጀምራል። ከቃል መነሻ ተነሥቶ የሚያመሳክር ፍለጋ «ሒሳብ» ለሚል ተጠቃሚ ይህን መተግበሪያ አያመጣም፤ ሆሄያቱ በትክክል ቢገጥሙም እንኳ።

4. የታቀደው መሣሪያ

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የስያሜ ሠንጠረዥ፣ የአጻጻፍ አባዥ እና ፋይል ጸሐፊ።

የስያሜ ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ አንድ የአማርኛ ስምና አስፈላጊ ከሆነም ንዑስ ተግባራትን ይይዛል። በሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባው አጻጻፍ አንድ ብቻ ነው፤ ያም አዘጋጁ ትክክል ነው ብሎ የመረጠው።

አባዡ ከዚህ አንድ ስም ሌሎቹን አጻጻፎች ያመነጫል። አሠራሩ በዩኒኮድ አቀማመጥ ላይ ይመሠረታል። ዋናዎቹ የሆሄያት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ስምንት ቦታ ይዘው ተደርድረዋል። የ«ሀ» ቁጥር በአሥርዮሽ 4608 ነው፤ «ሐ» 4624፣ «ሠ» 4640፣ «ሰ» 4656፣ «ኀ» 4736፣ «አ» 4768፣ «ዐ» 4816፣ «ጸ» 4920፣ «ፀ» 4928 ናቸው። ሁሉም ለ8 ስለሚካፈሉ የማንኛውም ሆሄ ቁጥር ለ8 ሲካፈል ቀሪው የቃናውን ተራ ይነግራል፦ ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ እያለ እስከ ሳብዕ 6። ስለዚህ ከ«ሐ» ቤት ወደ «ሀ» ቤት ለመሄድ 16 መቀነስ፣ ከ«ኀ» 128 መቀነስ፣ ከ«ሠ» ወደ «ሰ» 16 መደመር፣ ከ«ዐ» ወደ «አ» 48 መቀነስ፣ ከ«ፀ» ወደ «ጸ» 8 መቀነስ ይበቃል። ለምሳሌ «ሑ» 4625 ነው፤ 16 ሲቀነስ 4609፣ ማለትም «ሁ» ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕጉ የሚሠራው ቀሪው ከ0 እስከ 6 ለሆነ ብቻ ነው። ስምንተኛው ቦታ በየቤቱ የተለያየ ሆሄ ይዟል። ለምሳሌ «ሗ» ላይ 16 ቢቀነስ የሚገኘው «ሇ» ነው፤ ይህም የአማርኛ ሞክሼው አይደለም። በሌላ በኩል በ«ሀ» እና በ«አ» ቤቶች ግዕዝና ራብዕ አንድ ድምፅ ስላላቸው 0 እና 3 እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

አባዡ ሥራውን የሚሠራው በሐረግ ደረጃ ሳይሆን በቃል ደረጃ ነው። «ሒሳብ» 6፣ «ማስያ» 2 አጻጻፍ አላቸው። በሐረግ ቢሰላ 6 በ2፣ 12 ይሆናል፤ ቃል በቃል ሲመዘገብ ግን 6 ሲደመር 2፣ 8 ቁልፍ ቃላት ይበቃሉ። ስሙ ረዘም ባለ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። በዚሁ ደረጃ «የ» የሚለው መነሻ ምዕላድ ይገፈፋል፤ ባዶው ቃል ከነአጻጻፎቹ ይመዘገባል። መግፈፉ በሕግ ሳይሆን በሠንጠረዡ አዘጋጅ ምልክት መሆን አለበት፤ «የመን» የሚለውን ስም «መን» ማድረግ አይገባምና።

ፋይል ጸሐፊው የስርዓቱን ፋይል ቀድቶ፣ ስሙንና ቁልፍ ቃላቱን ጨምሮ በተጠቃሚው አቃፊ ያስቀምጣል። ሦስት ግዴታዎች አሉበት።

የመጀመሪያው ግዴታ የቋንቋ ምርጫን ይመለከታል። ገበታቸውን በእንግሊዝኛ እየተጠቀሙ ፍለጋቸውን በአማርኛ ማድረግ የሚፈልጉ ተጠቃሚዎች አሉ። ቁልፍ ቃላቱ በአማርኛ ረድፍ ብቻ ከተጻፉ ለእነዚህ ሰዎች ገበታው ፈጽሞ አያነብባቸውም። ስለዚህ መሣሪያው ለተጠቃሚው ምርጫ በእርግጥ የሚነበበውን ረድፍ ለይቶ፣ በውስጡ ያሉትን ነባር ቃላት ሳያጠፋ የአማርኛውን ማከል አለበት።

ሁለተኛው እድሳትን ይመለከታል። የተቀዳው ፋይል የስርዓቱን ስለሚሽር መተግበሪያው ሲታደስ ለውጡ ለተጠቃሚው አይደርስም። መፍትሔው የተቀዳውን ፋይል እንደ ዋና ሰነድ አለመቁጠር ነው። ዋናው ሰነድ ሠንጠረዡ ነው፤ የስርዓቱ ፋይል በተለወጠ ጊዜ ቅጂው ተጥሎ እንደገና ይዘጋጃል።

ሦስተኛው ደኅንነትን ይመለከታል። ፋይሉ የሚፈጸመውን ትእዛዝ ስለሚይዝ፣ ከሌላ ሰው የተገኘ ሠንጠረዥ የነባር መተግበሪያን ትእዛዝ መቀየር ከቻለ ምናሌው የወጥመድ በር ይሆናል። ስለሆነም ጸሐፊው የነባሩን መተግበሪያ ትእዛዝ ከስርዓቱ ፋይል ብቻ ይወስዳል። በሠንጠረዡ የሚታከሉ ንዑስ ተግባራትም አቃፊ ወይም ሰነድ ከመክፈት አያልፉም።

5. ስያሜው ለምን አይነካም?

አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ ሞክሼዎቹን አንድ ማድረግ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሁሉንም ጽሑፍ በአንድ አጻጻፍ ቀይሮ መገላገል አይሻልም?

የጣናን ብራናዎች የሚያጠና ሰው መልሱን ያውቃል። በግዕዝ «ሰአለ» ማለት ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ማለት ሥዕል ሣለ ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ደግሞ ይቅር አለ ማለት ነው። «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ሲሆን «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው። በአማርኛ ድምፁ ቢዋሐድም አጻጻፉ የቃሉን ዘር ይጠቁማል። በአንድ ብራና ላይ ጸሐፊው የመረጠው ሆሄም ለተመራማሪው ማስረጃ ነው። አቃፊን ወይም ሰነድን እንደገና የሚሰይም መሣሪያ ይህን ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

በፍለጋ ላይ ግን ሚዛኑ ይለያል። በምናሌ ፍለጋ ውስጥ አንድ ትርፍ ውጤት መምጣቱ ተጠቃሚውን የሚያስከፍለው አንድ አፍታ ብቻ ነው፤ የተፈለገው አለመምጣቱ ግን መተግበሪያው የለም ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። በምናሌው ላይ ያሉት ስሞችም ጥቂት ስለሆኑ የሁለት ልዩ ልዩ ቃላት መጋጨት ብርቅ ነው። ስለዚህ በፍለጋ መላላት፣ በስያሜ መጽናት ሁለቱንም ጥቅም ያስጠብቃል። ቁልፍ ቃላት በገበታው ላይ አለመታየታቸውም ይህን ክፍፍል ያለ ተጨማሪ ድካም ያስገኛል።

6. በዚህ ስልት የማይፈታው

ቁልፍ ቃላትን ማብዛት የአጻጻፍን ልዩነት ይፈታል፤ ቃሉ ተጽፎ ሳያልቅ የሚደረገውን ፍለጋ ግን ሙሉ በሙሉ አይፈታም። በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ቁልፍ በነበረው ላይ አንድ ፊደል ይጨምራል። በአማርኛ ግን አናባቢው እስኪመጣ ድረስ የመጨረሻው ሆሄ ሳድስ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ «ሂሳብ» ለመጻፍ የጀመረ ሰው መጀመሪያ «ህ» ያያል። «ህ» ደግሞ የ«ሂ» መነሻ አይደለም፤ ሌላ ቁጥር ነው።

ለዚህ የሚስማማው ሕግ እንዲህ ነው፦ የጥያቄው የመጨረሻ ሆሄ ሳድስ ከሆነ፣ ማለትም ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5 ከሆነ፣ ከዚያው ቤት ማንኛውም ሆሄ እንደሚገጥመው ይቆጠር። ይህን ሕግ በቁልፍ ቃላት መግለጽ አይቻልም፤ ፍለጋውን ራሱን የሚያከናውን ክፍል ይጠይቃል። ግኖም የውጭ ፍለጋ አቅራቢዎችን በዲ-ባስ በኩል ስለሚቀበል መንገዱ ክፍት ነው። ሆኖም ሥራው ከአነስተኛ መሣሪያ ወሰን ስለሚያልፍ ራሱን የቻለ ጥናት ሊሆን ይገባዋል። የቅደም ተከተሉ ችግርም እንዲሁ ገበታው ራሱ የሚደረድርበትን ስልት ስለሚመለከት በቁልፍ ቃላት አይቃናም።

7. ማጠቃለያ

የማስጀመሪያ ምናሌ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ተጠቃሚው ከኮምፒውተሩ ጋር በየዕለቱ በመጀመሪያ የሚገናኝበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ በገዛ ፊደሉ ጽፎ ያጣ ሰው ለቀጣዩ ፍለጋ ወደ እንግሊዝኛ ቢዞር አያስደንቅም። ከላይ የቀረበው ንድፍ እንደሚያሳየው ችግሩን ለማቃለል አዲስ ገበታ መሥራት አያስፈልግም። የአንድ ጥንቁቅ አዘጋጅ ሠንጠረዥ፣ አምስት የመደመርና የመቀነስ ሕጎችና በነባሩ ስምምነት የተፈቀደ ፋይል ይበቃሉ። ቀጣዩ ሥራ ሁለት ነው፦ ሠንጠረዡን ከቋንቋ ባለሙያዎች ጋር ማዘጋጀት፣ እንዲሁም ተጠቃሚዎች በፍለጋ ጊዜ በእርግጥ የሚመርጧቸውን አጻጻፎች በፈቃዳቸው መዝግቦ መለካት። የልኬቱ ውጤት ከአባዡ ዝርዝር የትኞቹ አጻጻፎች ሊቀነሱ እንደሚችሉ ያሳያል፤ መሣሪያውም በዚያው ልክ ይቀልላል።