ሰውነታችንን የምናየው በማን ዓይን ነው?



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ጤና ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ስለ ውኃ፣ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ዝንብ ነው። ደግ ነው፣ ይቀጥል። ይሁን እንጂ ስለ ጤናና ስለ ሰውነታችን መልክ ያለን ዕውቀት የሚጀምረው ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ነው። ለዕረፍት ወደየቤተሰባችን ስንሄድ ገና በር ላይ የሚቀበለንን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። «ውይ ልጄን! ምን ነካሽ? እንዲህ ከሳሽ?» አንዷ ጓደኛችን ሁለት ኪሎ ጨምራ ሄዳ እንኳ እናቷ ከሳሽ ማለታቸውን አልተዉም። «አቦ ወፈርክ! አማረብህ» የተባለ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ይውላል።

ይህ አነጋገር እንዲያው ከመሬት የመጣ አይደለም። ረሃብ በተመላለሰበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ስንቱን በጨረሰበት አገር መክሳት ማለት ወይ ማጣት ወይ መታመም ማለት ነበር። በኋላም ኤች አይ ቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት የከሳ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ስለዚህ የሞላ ጉንጭ ለቤተሰብ እንደ ምስክር ወረቀት ሆነ። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በሞላው ሰውነትም ውስጥ ተደብቀው እንደሚኖሩ ግን በር ላይ የሚነግረን የለም።

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ልንጽፍበት የፈለግነው ከዚህ የከበደ ነገር ነውና።

የሐረር ጀጎል አምስት በሮች እንዳሏት ሁላችንም እናውቃለን። እያንዳንዱም በር በጌይ ሲናን አንድ ስም፣ በአማርኛ ደግሞ ሌላ ስም አለው። ባድሮ በሪ የሚባለውን በአማርኛ የምንጠራው ቡዳ በር ብለን ነው። ስሙን ያገኘው በዚያ አካባቢ ብረት ቀጥቃጮች ስለነበሩ ነው ይባላል። እስቲ እናስበው! ማረሻውን፣ ቢላዋውንና መጥረቢያውን የሚሠራልንን ሰው «ዓይኑ ይበላል» ብለን ፈራነው፤ ፍርሃታችንንም የበር ስም አደረግነው። እኛም በየቀኑ «ቡዳ በር ጋ እንገናኝ» ስንባባል ምንም አይመስለንም። ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያንዘፈዝፈው በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚፈለገው ጤና አዳም ነው፣ ቀጥሎም ክታብ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት በዚህ ብዙ አይለያይም። ከእኛ ከሠልጣኞቹም መካከል በልጅነቱ አንገቱ ላይ አንዳች ነገር ያልታሠረለት ጥቂት ነው። ጤና አዳሙ ላይጎዳ ይችላል፤ የሚጎዳው ሕፃኑ ውኃ እያለቀበት የሚያልፈው ሰዓት ነው።

ከግንቡ ውጭ ደግሞ ገንደ ፈሮን የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያወረሰው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ፌሮን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የተቋቋመው እዚሁ ሐረር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 በካቶሊክ ሚሲዮን አማካይነት። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ የቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል በጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅት ተቋቋመ። ቢሲዲሞ ዛሬ ሌላውም ሕመም ሁሉ የሚታከምበት ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ያለው አለርት እንኳ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። እንግዲህ ስለዚህ በሽታ በኢትዮጵያ ማወቅ የነበረበት ከተማ ቢኖር የእኛው ከተማ ነበር። ግን እናውቃለን ወይ?

ስለ ራሳችን እንናገር። በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ ሦስት ሆነን ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብን። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። በሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ የኋለኛው ዴስክ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሌሎቹ ዴስኮች ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ተጣብበዋል፤ እሱ ጋ ባዶ ነው። ጠመኔ አምጣ ብንለው ልጆቹ ከእጁ አይቀበሉትም፤ ጠረጴዛ ላይ እስኪያስቀምጠው ጠብቀው ያነሡታል። ብንጠይቅ «እናቱ የሥጋ ደዌ ነበረባት» ተባልን። እሺ፣ እኛስ ምን አደረግን? ደብተር ስንሰበስብ የእሱን ከታች ማድረግ ጀመርን። ማንም አላዘዘንም። ሦስታችንም እየተያየን አደረግነው፤ አንዳችን ለአንዳችን ግን አልተናገርንም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን፣ ስለ ባክቴሪያ ተፈትነን ያለፍን ሰዎች ነን እኮ!

ይህን ያስተማረን ማን ነው? ባዮሎጂ አይደለም። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ተረቱ የሚያወራው ስለ መሶብ ነው። በእኛ አገር ሰው መሆን ማለት እጅ ለእጅ መጨባበጥና ከአንድ ገበታ መጉረስ ነው፤ ሥጋ ደዌ ደግሞ ምልክቱን የሚተወው በእጅ ላይ ነው። ስለዚህ የታመመው ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ጣቱን ሳይሆን ሰላምታውን ነው። በዓርብ ቀን መስጊድ በር፣ በክብረ በዓል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳንቲም እንሰጠዋለን፤ ግን መዳፉን እንዳንነካ ከላይ እንጥልለታለን። ምጽዋቱ እንጀራ ሆኖለታል፣ አይካድም። ያው ምጽዋት ግን ርቀቱንም አብሮ ያጸናል።

ከሁሉ የጠነከረው ግን «በዘር ይተላለፋል» የሚለው እምነት ነው። ልጅ ሲታጭ ሽማግሌ ተልኮ ዘር ይጣራል፤ ከሚጣራውም አንዱ ይኸው ነው። እህት ታመመች ማለት የእህትማማቾቹ ሁሉ ጋብቻ ቀረ ማለት ስለሚመስል ቤተሰብ የታመመችውን ጓዳ ይደብቃታል። ሕጉም ቢሆን ከዚህ አስተሳሰብ ነፃ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻን ለማፍረስ የሚያበቁ ስሕተቶችን ሲዘረዝር ሥጋ ደዌን በስም ጠቅሶ ነበር። ስሙ የወጣው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በመካከሉ አርባ ዓመት አለ።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘ። ስለዚህ በሽታው ተሐዋስያን የሚያመጡት እንጂ የዘር ርስት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሕመምተኛ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር፣ ከአፍንጫና ከአፍ በሚወጣ ጠብታ አማካይነት ነው። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ቢደርስበት እንኳ ሰውነቱ ተከላክሎ ያጠፋዋል። በመጨባበጥ ወይም ጎን ለጎን በመቀመጥ አይያዝም።

ታዲያ ሰዉ ለምን በዘር ነው አለ? እዚህ ላይ አያቶቻችንን መሳቂያ ማድረግ አይገባም። ባክቴሪያው እጅግ አዝጋሚ ነው። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አባት ታሞ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ልጁ ላይ ሲታይ፣ «ከአባቱ ወረሰው» ከማለት በቀር ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰው ምን ይበል? በእርግጥም ከአባቱ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከደሙ ሳይሆን አብረው ከተኙባት ጠባብ ክፍል ነው። ያየውን አላጣመመም፤ ምክንያቱን ነው ያጣው።

መድኃኒቱም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ሁለት ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠትን ዘዴ የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ1983 ነው። እንደ በሽታው ዓይነት ለስድስት ወይም ለአሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል። ከ1995 ወዲህ በዓለም ዙሪያ በነጻ ይታደላል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። እንግዲህ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ወደ 180,000 የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ በአገራችንም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ይገኛሉ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ክሎፋዚሚን የሚባለው፣ ቆዳን ያጠቁራል። ከጨረሱት በኋላ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ነገር ግን አንዲት የታጨች ልጅ ጎረቤት «ፊቷን ምን አጠቆረው?» እንዳይላት ፈርታ ብታቋርጠው ማን ይፈርድባታል? እንዲህ ስትሆን መልኳን ስትጠብቅ እጇን ልታጣ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። አንድ ቀን የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝተን ጠየቅናት። ሳቀችብን። እናቱ መድኃኒታቸውን የጨረሱት ልጁ ሳይወለድ ነው አለችን። ሄደን ካላየን ብለን ከእሷ ጋር ቤታቸው ሄድን። እናቲቱ ሆጃ አፍልተው ጠበቁን። ሲኒውን በሁለት እጃቸው፣ በተቀሩት ጣቶቻቸው መካከል ይዘው ሲዘረጉልን ሦስታችንም ለአፍታ ዝም አልን። ያቺን አፍታ አይተዋታል። «ጠጡ ልጆቼ፣ እኔም ድሮ እንደናንተ እፈራ ነበር» አሉ። ከዚያም አንዳችን ስለ እጃቸው እንደምንም ብሎ ሲጠይቅ፣ «ጣቴን በሽታው መቼ በላው? እሳት ነው የበላው» አሉን።

ነገሩ ይህ ነው። ባክቴሪያው ጣት አይበላም። የሚጎዳው ነርቭን ነው፤ ነርቭ ሲሞት ሕመም አይሰማም። እሳቸው የጋለ ምጣድ ሲነኩ አይሰማቸውም፤ የተቃጠለ ሥጋ ሲሸታቸው ነው እጃቸውን የሚያዩት። በባዶ እግራቸው እሾህ ላይ ቢቆሙ እሾሁ ውስጥ ገብቶ፣ ቁስሉ መግሎ፣ አጥንት ላይ ደርሶ እንኳ ያለ ሕመም ይራመዱበታል። ዓይን መርገብገብ ሲያቅተው ደግሞ አቧራ ገብቶ ያቆስለዋል። እኛ ዕድሜ ልካችንን ሕመምን ስንጠላ፣ ለካ ጣቶቻችንን ጠብቆ ያቆየልን እሱ ኖሯል። እናቲቱ ማታ ማታ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ቅባት ቀብተው፣ ልጁ በኩራዝ ብርሃን ውስጥ እግራቸውን እየዞረ ያይላቸዋል፤ የተሰነጠቀ ቦታ አለ ወይ ብሎ። የእኛ የኋለኛ ዴስክ ተማሪ ማታ ማታ ሥራው ይህ ነበር።

በማግስቱ ምን እናድርግ ብለን ተከራከርን። አንዳችን ስለ በሽታው ትምህርት እንስጥ አለ፤ ሌላዋ እንዲያ ካደረግን ልጁን ይብሱን እናጋልጠዋለን አለች። እሷ ትክክል ነበረች ብለን እናምናለን። ስለዚህ ምንም ሳንናገር የሁሉንም መቀመጫ በዕጣ ቀየርን፤ ጠመኔና ደብተር የሚያድለውንም በየሳምንቱ በተራ አደረግን። የእሱ ተራ ሲደርስ ሦስታችንም ቀድመን ከእጁ ተቀበልን። አብዛኞቹ ልጆች ተቀበሉት። በዕጣ አጠገቡ የደረሳት ልጅ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። «እናቴ ትቆጣኛለች» አለች። እኛም አልተቆጣናትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በተገኘችበት በወላጆች ስብሰባ ላይ እናቷን ጠራናት።

መጣች። ሲወራ ዝም ብላ ሰማች፤ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ቀርታ ልጇን አስጠራች። የልጅቷ ጉንጭ ላይ ብር የምታህል ነጣ ያለች ምልክት ነበረች። «ይቺ ስትወጣባት ጊዜ ነው ከዚያ ልጅ አትቀመጪ ያልኳት፤ ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ የለኝም» አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጅቷን ዓይንሽን ጨፍኚ አለቻትና ጥጥ አፍተልትላ ጫፉን ምልክቷ ላይ አስነካቻት፤ ስሜት የሚጠፋ ከሆነ ነውና የሚያሰጋው። «ሲነካሽ በጣትሽ አሳዪኝ» አለቻት። ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ወስዳ እንድታሳያት ነገረቻት። ልጅቷ ግን ጥጡ ገና ሲነካት በጣቷ ቦታውን ጠቁማ፣ እንደ መኮርኮር ብሏት ሳቀች።