መለካት ከመግዛት ይቅደም፦ ስለ ቆዩ ፒክአፕ መኪኖች የኤሌክትሪክ ብልሽት

ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ትምህርት

በብዙ አጥቢያዎች አንድ የቆየ ፒክአፕ መኪና አለ። ከተጠናቀቀ ፕሮጀክት የተላለፈ፣ በበጎ አድራጊ የተበረከተ፣ ወይም በምእመናን መዋጮ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያመላልሳል፤ የእርዳታ እህል ያደርሳል፤ በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ በከተራ ዕለት ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል። ይህ መኪና ጠዋት አልነሣ ሲል ወይም የኋላ መብራቱ ጠፍቶ በጨለማ ሲጓዝ ጉዳዩ የሾፌሩ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሰበካ ጉባኤውም ኀላፊነት ነው።

የአጥቢያዎችን የወጪ ሰነድ ስንመለከት ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። መኪናው አልነሣ ሲል ባትሪ ይገዛል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ዲናሞ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ሞተሪኖ ይታደሳል፤ ብልሽቱ ግን በቦታው ይቆያል። በዚህ ትምህርት ልናስገነዝብ የምንሻው አንድ ነገር ነው፦ በቆየ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትልቁ ዕቃ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ስለዚህ መለካት ከመግዛት ሊቀድም ይገባል።

የኤሌክትሪኩ መሄጃና መመለሻ

ኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ብቻ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሣል፤ በፊውዝና በማብሪያው በኩል አልፎ ወደ አምፖሉ ይደርሳል፤ ከአምፖሉ ደግሞ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ይመለሳል። በመኪና ላይ የመመለሻው መንገድ በአብዛኛው ሽቦ አይደለም፤ የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ባለሙያዎች ይህንን «ማሳ» ይሉታል። በዚህም ምክንያት የመንገዱ ግማሽ ከዐይን የተሰወረ ነው፤ የሚታየውን ሽቦ ብቻ የሚመረምር ሰው ግማሹን ሳያይ ይቀራል።

እንደ ቶዮታ ሂሉክስ ባሉ ፒክአፖች ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ በሻንሲው ላይ ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ ሞተሩም በጎማ መደገፊያዎች ላይ ያርፋል። ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ እነዚህን ክፍሎች እርስ በርስና ከባትሪው ጋር የሚያገናኙ የማሳ ገመዶች የግድ ያስፈልጋሉ። የገመዶቹ ጫፍ በቡሎን ሲታሰር ከሥሩ ንጹሕ ብረት ካላገኘ፣ ዝገት፣ ጭቃ ወይም ቀለም ከገባበት፣ መንገዱ ይጠባል።

የመንገዱን መጥበብ በቁጥር እንመልከተው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች በ12 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። በአንድ የዛገ ማያያዣ ላይ 1 ቮልት ቢጠፋ የአምፖሎቹ ብርሃን ሩብ ያህል ይቀንሳል። የጠፋው ኀይልም ባክኖ አይቀርም፤ በዚያች ጠባብ ማያያዣ ላይ 9 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ማያያዣ ይበልጥ ይላላል፤ የላላውም ይበልጥ ይሞቃል። መፈዘዝ ሆኖ የጀመረ ነገር ቃጠሎ ሆኖ ሊጨረስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ምልክቶችን ማስተዋል

ሾፌሩ የሚያየውን ለኮሚቴው በትክክል ቢናገር ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

1. ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት ወይም የፍሬን መብራቱ አብሮ ደብዘዝ እያለ የሚርገበገብ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የኋላው መብራት ማሳ ነው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋል።

2. ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰምቶ የክሩስኮት መብራቶች ቢፈዙ፣ ባትሪው ሊደክም ይችላል፤ ነገር ግን የባትሪው ጫፍ ማሰሪያዎች ወይም የሞተሩ ማሳ መላላታቸውም ይህንኑ ያስከትላል።

3. መኪናው በኮረኮንች መንገድ ሲናጥ ብቻ ፊውዝ የሚቃጠል ከሆነ፣ በአንድ ቦታ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ብረት እየነካ ኮንታክት ይፈጥራል። ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍበት ጎማ የወደቀበት ቦታ ቀድሞ ይታይ። እህል በሚያመላልስ መኪና ደግሞ አይጥ የበላው ሽቦ አለመኖሩ ይረጋገጥ።

4. መኪናው ለጥቂት ቀናት ቆሞ ባትሪው የሚሞት ከሆነ፣ ሳይታወቅ የሚስብ ነገር አለ። 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 0.5 አምፔር ቢፈስበት በ120 ሰዓት ይጨረሳል፤ ይኸውም 5 ቀን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቆመ መኪና ዓርብ አይነሣም።

እንዴት እንለካለን?

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር ነው። ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአጥቢያው ንብረት ውስጥ ሊኖር ይገባል።

በመጀመሪያ መኪናው ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ባትሪው ይለካ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹ ያህል ተጠቅሟል። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። ከዚህ ካነሰ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም፤ ሆኖም ዲናሞ ከመግዛት በፊት ቺንጋው መላላቱን፣ የዲናሞው ገመድ ጫፍ መዛጉን እንመልከት። ከ15 ቮልት ከበለጠ ደግሞ መቈጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ አምፖሎች ቶሎ ቶሎ ይቃጠላሉ፤ ባትሪውም ውኃውን ይጨርሳል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የማሳው ልኬት ነው። ማርሹ ከገባበት ወጥቶ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። አንዱ የቴስተር ጫፍ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ሌላው በባትሪው ነጌቲቭ ምሰሶ ላይ ይረፍ፤ ሌላ ሰው ሞተሩን ለማስነሣት ቁልፉን ያዙር። መንገዱ ጤናማ ከሆነ ቴስተሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ በባትሪው ወይም በሞተሪኖው ላይ ከመፈረዱ በፊት የማሳው ገመድና ሁለቱ ጫፎቹ ይፈተሹ።

አንድ አጥቢያ በአንድ ዓመት ውስጥ 2 ባትሪና 1 ዲናሞ ገዝቶ ነበር። በመጨረሻ ይህ ልኬት ሲደረግ ቴስተሩ ከ2 ቮልት በላይ አሳየ። መኪናው የላሜራና የቀለም ሥራ ተሠርቶለት ሲመለስ የማሳው ገመድ የታሰረው በአዲሱ ቀለም ላይ ነበር። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቡሎኑ ሲጠብቅ መኪናው እንደ ቀድሞው ተነሣ። የወጣው የአንድ ሰዓት የሥራ ዋጋ ብቻ ነው። ለሁለቱ ባትሪዎችና ለዲናሞው የወጣው ገንዘብ ግን ከምእመናን የተሰበሰበ ነበር።

ፊውዝ ጠባቂ ነው

ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ የመንገዱ ክፍል ነው። ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሽቦው ሳይቃጠል እርሱ ይቃጠላል። በቦታው የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ብር የሚያስገባ ሰው ጠባቂውን አስወግዶ በሩን ክፍት እንደ ተወ ይቈጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ሽቦው፣ ቀጥሎም ጋቢናው ነው። 10 አምፔር የተጻፈበት ቦታ 10 አምፔር እንጂ 30 አይገባበትም። በአዳዲሶቹ ባለ ፕላስቲክ ፊውዞች ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው።

ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በዚያ መስመር ላይ ያሉት መብራቶች አምፖላቸው ይነቀል፤ ከዚያም በፊውዙ ቦታ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ ይያያዝ። ኮንታክቱ እስካለ ድረስ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍም ሽቦው አይጎዳም። ሽቦውን ከቦታ ቦታ እየነካካን፣ ማያያዣዎቹን በየተራ እየነቀልን ስንሄድ አምፖሉ የጠፋበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው።

በተለይ የምናሳስበው ስለ ድምፅ ማጉያው ነው። በበዓላት ሰሞን ማጉያው በችኮላ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ሲታሰርና ሽቦው በበሩ ሥር ሲያልፍ እናያለን። በሩ በተዘጋ ቍጥር ልባሱ ይፋቃል፤ ፊውዝ የሌለው ሽቦም ብረት ሲነካ የባትሪው ኀይል ሁሉ በእርሱ ላይ ይወርዳል፤ ይህም መዘምራን በተሳፈሩበት መኪና ላይ ነው። 100 ዋት የሚስብ ማጉያ በ12 ቮልት ከ8 አምፔር ጥቂት ይበልጣል፤ ተስማሚ ውፍረት ያለው ሽቦና 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዙም ከባትሪው ምሰሶ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይግባ።

የጥገናው ሥርዐት

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቀለበት፣ የብረት ሰዓትና በአንገት የሚንጠለጠል የብረት መስቀል ይውለቁ። ባትሪ ሲፈታ ነጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ነጌቲቩ የመጨረሻ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ የመኪናውን ብረት ቢነካ እንኳ ብልጭታ አይፈጠርም። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በጨለማ በጧፍ ወይም በክብሪት ፈጽሞ አይታይ።

በባትሪው ጫፍ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በቤኪንግ ሶዳና በውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ብረቱ ይወልወል፤ ከታሰረ በኋላ ግሪስ ይቀባ። የሚቀየር ሽቦ ከነበረው የቀጠነ አይሁን። ለቤት የሚሠራበት ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በመኪና ንዝረት ስለሚሰበር በመኪና ላይ የሚውለው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ነው። ሁለት ሽቦዎችን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ጉዞ ቢያገለግል እንጂ ጥገና አይባልም፤ አቧራና እርጥበት ይገባበታል። ማያያዣው በሚገባ ተጨምቆ ወይም ተበይዶ ይሸፈን። ሽቦው በላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ የመከላከያ ጎማው ይመለስ።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ካህናትና የኮሚቴ አባላት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲሆኑ አይጠበቅም። የሚጠበቅባቸው ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት አራት ነጥቦች በቃለ ጉባኤ ተይዘው ቢጸድቁ እንመክራለን።

1. ባትሪ፣ ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ እንዲገዛ ሲጠየቅ ከጥያቄው ጋር የተለካው ቁጥር በጽሑፍ ይቅረብ።

2. የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለንብረት ክፍሉ ይመለስ።

3. መኪናው የራሱ መዝገብ ይኑረው፤ ቀኑ፣ ምልክቱ፣ ልኬቱ፣ የተሠራው ሥራና ወጪው ይጻፍበት። ሾፌር ቢለወጥ መዝገቡ ይቀራል።

4. የፊት፣ የኋላና የፍሬን መብራቶቹ ያልሠሩ መኪና በሌሊት እንዳይንቀሳቀስ ይከልከል። ጋቢናው ውስጥም የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያና በልካቸው የሆኑ መለዋወጫ ፊውዞች ይቀመጡ።

ጌታችን ስለ ዐሥሩ ደናግል ባስተማረው ምሳሌ መብራት ሁሉም ይዘው ነበር፤ የለያቸው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። የአጥቢያው መኪናም ዝግጅቱ ቀን በብርሃን የሚሠራ ነው። ምጥ የያዛት እናት በር ላይ ከቆመች በኋላ ማሳ የሚፈለግበት ጊዜ የለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሁለት ዓመታት ለመኪናችን ኤሌክትሪክ ምን ያህል ወጣ? ከመግዛቱ በፊት ምን ተለካ?

2. በፊውዝ ሳጥናችን ውስጥ በፊውዝ ፋንታ የገባ ሽቦ አለን? ማን ይመርምረው? መቼ?

3. ድምፅ ማጉያችን ከባትሪው ጋር የተገናኘው እንዴት ነው? ከመጪው በዓል በፊት ምን ይስተካከል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።